የአሻንጉሊቷ ሆድ

መርፌ ቀዳዳ እንዳለው የማያውቅ ሰው የለም። ቀዳዳው የት ጋ እንደሆነ የሚያውቀው ግን መነጽሩን ያልጣለ ሰው ነው። እኔ ይህን ጥበብ ያገኘሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ቢቸና ውስጥ፣ በገዛ በረንዳዬ ላይ፣ ነሐሴ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ የአሻንጉሊት እግር ስሰፋ።

«አሻንጉሊት» በማለቴ መሳቅ የጀመራችሁ ካላችሁ እስክትጨርሱ እጠብቃለሁ። ባለቤቴም ስቃለች። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብላ ተርታብኛለች። እውነቷን ነው፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በግብርና ቢሮ፣ ስለ ዘር በማስተማር ነው። ገበሬውን ዛፍ ሥር ሰብስቤ «ዘር ለመብቀል እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ይፈልጋል» እል ነበር። ገበሬውም ከአያቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ነገር እንደ አዲስ ሰምቶ፣ ለክብሬ ሲል ራሱን ይነቀንቅልኛል። ይቺን ዓረፍተ ነገር አደራ እንዳትረሷት። እኔ ረስቻት ነው ይህን ሁሉ ጉድ ያየሁት።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ሞጣ የምትኖር ታላቅ እህት አለችኝ፤ እታለም እላታለሁ። እታለም ስትደውል የእኛን ቤት ብቻ አይደለም፣ የላሚቱን፣ የጎረቤቱን፣ የዝናቡን ደኅንነት ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይ አትገባም። ያን ዕለት ግን ሰላምታ የሚባል ነገር የለም።

«ልጅቷ እህል አልቀምስ አለችኝ» አለች።

ልጅቷ ሶልያና ናት፤ የእታለም የልጅ ልጅ። እናቷ ደጀን ላይ፣ መኪና በሚቆምበት አውራ ጎዳና ዳር ምግብ ቤት አላት። ከባድ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ሲመጣና ሲሄድ በሚውልበት ደጃፍ ልጅ አያድግም ተባለና፣ መስከረም ላይ ሞጣ ትምህርት ቤት እንድትገባ ወደ አያቷ ተላከች። የምግብ ቤት ልጅ እህል አልበላም ስትል እንግዲህ አስቡት። መጀመሪያ የመጣችው ለፍልሰታ ነበርና ሰፈሩ ሁሉ አደነቃት። «እንዴት ያለች የተባረከች ጾመኛ ናት!» እየተባለች ከንፈር ተመጠጠላት። ጾሙ ተፈታ፤ እሷ አልፈታችም። ያኔ ነው ጽድቅ አለመሆኑ የገባቸው።

«አትናገር፣ አትስቅ፣ በር በሩን ስታይ ትውላለች» አለች እታለም። «አንድ ሁለት ጉርሻ ለምኜ ነው የማጎርሳት። እናቷም እስከ እንቁጣጣሽ ካልለመደች መጥቼ እመልሳታለሁ ብላለች።» ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። «እኔስ ለምጃት ነበር።»

እታለም ባሏ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ትልቅ ቤት፣ ትልቅ ጓሮ፣ አንዲት ሴት። ልጅ ሳለች እንኳ አልቅሳ የማታውቅ ሰው ድምፅዋ ሲቀጥን ሰምቼ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሞጣ ልሄድ ወሰንኩ። ለልጅቷ ምን ልውሰድላት? የሱቅ አሻንጉሊት አሰብኩ፤ ያቺ ቢጫ ጸጉር ያላት፣ ሆዷን ሲጫኗት በማናውቀው ቋንቋ የምታለቅሰው። ለቅሶማ ልጅቷም አላነሳትም። ያኔ የእናቴ ጥቅልል ትዝ አለኝ።

እናታችን ልብስ ሰፊ አልነበረችም፤ ግን በዚያ ዘመን ቢቸና ውስጥ ልብስ የሚሰፋለት ሰው ሁሉ ቁራጩ እኛ ቤት ያልቅ ነበር። ገበያ ስትወጣ ከሰፊው ወንበር ሥር የወደቀውን ብጣሽ ለምና ትለቅማለች። የሹሙ ካኪ፣ የመምህሩ ቴትሮን፣ የሙሽራዋ ከፋይ፣ የድሀው አቡጀዲ፣ ሁሉም በእሷ ጥቅልል ውስጥ ያለ ደረጃ ተቃቅፎ ይተኛል። ከዚያ አሻንጉሊት ትሰፋለች። ለዘመድ ልጅ፣ ለጎረቤት ልጅ፣ ለክርስትና፣ ለእንቁጣጣሽ። ለእኔና ለእታለም የሰፋችልን አንዲት ናት። ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት አይጫወትም የሚለው ሕግ ገና በእኛ አጥር አልገባም ነበር።

የእማዬ አሻንጉሊት ከሌላው የምትለየው በሆዷ ነው። ጨርቅ በጨርቅ አይሞላም፣ ብጣሹ ለቀሚስ ያስፈልጋል፤ ጭድ ደግሞ ይዋጋል። ስለዚህ ሆዷን የምትሞላው በሽምብራ ቆሎ ነበር። ደኅና አድርጋ የቆላችው፣ ስትነቀንቋት ሻ ሻ የምትል ቆሎ።

እንግዲህ ፍልሰታን አስቡ። የልጆች ጾም ነው ተብሎ እኛም እንደ ትልቅ ሰው እስከ ቅዳሴ መውጫ እንቆያለን። ሆዴ እንደ ተቀደደ ከበሮ ይጮኻል። አጠገቤ ደግሞ አንዲት ወፍራም ሴት፣ ሆዷ ቆሎ የሆነ፣ ምንም ሳይርባት ተጋድማለች። ብብቷ ሥር ስፌቷ ላላ ያለ ቦታ አለ። በጣቴ ፈልቀቅ፣ አንድ። ፈልቀቅ፣ ደግሞ አንድ። እታለም በር ትጠብቅልኛለች። እሷ አትቀምስም፤ «እኔ ጾመኛ ነኝ» እያለች ትኮራብኛለች። እኔም ጽድቁን ለእሷ ትቼ ቆሎውን እቆረጥማለሁ።

አሻንጉሊቷ ትከሳለች። ጾሙ እየገፋ ሲሄድ ቀሚሷ ይሰፋታል፣ አንገቷ ይዘምማል። ልክ እኛኑ ትመስላለች። ከዚያ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከወንዝ ስንመለስ ወፍራ እናገኛታለን! ስፌቷ ተጠግኖ፣ ሆዷ ተነፍቶ። ማንም ምንም አይልም። እናቴም አትቆጣ፣ አትጠይቅ፤ ሥራዋን ትሠራለች። ማን እንደሚሞላት መቼም አይጠፋኝም፤ በቤቱ መርፌና ቆሎ የምታዝዘው እሷ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ ለዚህች ነገር በልቤ ሳመሰግናት ኖሬአለሁ። አሁንም የሽምብራ ቆሎ በሸተተኝ ቁጥር የማስታውሰው እጇን ነው።

እማዬ ስታርፍ፣ ከተዝካሩ በኋላ ተካፈልን። መሬቱን ያለ ሽማግሌ፣ ከብቱን ያለ ኩርፊያ። ጥቅልሉ ላይ ስንደርስ ግን ሁለታችንም እጃችንን ሰደድን። ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው፤ ርስት ያላጣላቸው ሰዎች በብጣሽ ሊጣሉ! በመጨረሻ «ታናሽ ነው፣ ለእሱ ይሁን» ተባለ። እታለም እጇን መለሰች። «ይውሰደው፤ ምን ሊያደርግለት» አለች። እኔም ወስጄ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፣ እውነትም ምንም ሳላደርግበት ስንት ዘመን ተቀመጠ። ያቺ «ምን ሊያደርግለት» ግን ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ከብል ኪኒን ሽታ ጋር ትወጣለች።

አሁን የማደርግበት ነገር አገኘሁ። ገመዱን ፈታሁና ጨርቁን በረንዳ ላይ ዘረጋሁት። የአባቴ ሱሪ ካኪ ለፊቷና ለእጇ ሆነ፤ ስለዚህ አሻንጉሊቷ ከተወለደች ጀምሮ የወታደር መልክ አላት። አቡጀዲው ለሆዷ። ለቀሚሷ ደግሞ ያቺን ሰማያዊ ባለ ነጭ አበባ አወጣኋት። የእማዬ የዓመት በዓል ቀሚስ ቁራጭ ናት፤ ከእሷ ልብስ በጥቅልሉ ውስጥ የቀረችው ይቺው ብቻ ነበረች። መቀሱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ቆረጥኩ፤ ለዚህም ነው አንዱ ወገን ከአንዱ ያጠረው።

ስፌት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ጨርቁ በግልባጩ ተሰፍቶ ኋላ እንደሚገለበጥ አውቃለሁ፣ እማዬ ስታደርግ አይቻለሁ። እኔም በግልባጩ ሰፋሁ። ዙሪያውን ጥርቅም አድርጌ፣ እንዳይላላ ደግሜ ሰፋሁ። ከዚያ ልገለብጠው ስል መግቢያ የለ፣ መውጫ የለ! ባለቤቴ መጥታ አየችኝና ምንም ሳትናገር ምላጭ አቀበለችኝ። ያለመናገሯ ከተረቷ የበለጠ አንገበገበኝ።

ሁለተኛውን ስሰፋ የዕድራችን ዳኛ በሩን አንኳኩ። ፈጠን ብዬ ብድግ አልኩ፣ ልቀበላቸውም ወጣሁ። እጃቸውን ዘርግተው ሲያበቁ ዓይናቸው ወደ ጉልበቴ ወረደ። ለካ እግሯን ከጋቢዬ ጋር ነው የሰፋሁት! ያቺ ፊቷ ካኪ የሆነ ፍጥረት ተዘቅዝቃ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች።

«ምነው፣ ደኅና ነህ?» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ በሚያወጣው ድምፅ።

«ለልጅ ነው» አልኳቸው።

«የማን ልጅ?»

«የእህቴ የልጅ ልጅ።»

«እግዚአብሔር ያሳድጋት» አሉና የመጡበትን ጉዳይ ሳይነግሩኝ ሄዱ። እስካሁንም ሲያዩኝ «ተሻለህ ወይ?» ይሉኛል።

ፊት ሠራሁላት። ሁለቱ ቁልፎች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ አንድ ዓይኗ ያፈጠጠ ነው። አፏን በቀይ ክር ስሰፋ በአንድ በኩል ወደ ላይ ስለጠመመ፣ በሰው የምታሾፍ ትመስላለች። ጸጉሯ ላይ ስደርስ ጥቁሩ ክር አለቀብኝ። በራ ሆና ቀረች።

የቀረው ሆዷ ነው። ለዘር ካስቀመጥነው ሽምብራ ላይ ምርጥ ምርጡን፣ ድፍን ድፍኑን መርጬ ሁለት ሦስት እፍኝ ዘገንኩ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«እናትህ ቆልታ ነበር የምትሞላው አላልከኝም?»

«ያ እኛ ስለምንበላው ነው። የዛሬ ልጅ የአሻንጉሊት ሆድ ቀዳ ትበላለች? እህል እንኳ እምቢ ብላለች!»

«ጥሬ እህል በጨርቅ…»

«እኔን ስለ ዘር ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት።

ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። እኔም ከሆዷ እስከ አናቷ ሞላሁና ሰፋሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ አንገቷ አካባቢ ስፌቱን ቸኩዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ፌስታል ውስጥ አድርጌያት በአውቶቡስ ወደ ሞጣ ተነሣሁ። ግንደወይን ስንደርስ ሰማዩ ተቀደደ። በእኔ በኩል ያለው መስኮት አልዘጋ ብሎ ውኃው ጭኔ ላይ ገባ። እኔ ኮቴን ለራሴ ደረብኩ፤ ፌስታሉን ግን ልብ አላልኩም። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ፌስታሉን ደባብሰው «ሽምብራ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ለዘር ከሆነ እንዳይርስብህ» አሉ። «ለዘር አይደለም» ብዬ ፈገግ አልኩ። ስንት ሰው ነው በሕይወታችን መንገድ ላይ እውነት ሲነግረን ፈገግ ብለን ያለፍነው!

እታለም በር ላይ ተቀበለችኝ። ፌስታሉን ፈትቼ ሳወጣ ዓይኗ ቀጥታ ቀሚሱ ላይ አረፈ። አበባውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ይቺን ቆረጥካት?»

«ለሶልያና ብዬ ነው እታለም።»

ቀሚሱን ገልበጥ አድርጋ ስፌቱን መረመረች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ስፌትህ ግን ያስጠላል» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ይህ በእታለም ቋንቋ ምርቃት ነው።

ሶልያና ጥግ ላይ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ዓይን ብቻ የቀረች ልጅ። አሻንጉሊቷን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። አላየቻትም። ከዚያ በጎን አየቻት። ከዚያ የአሻንጉሊቷን ራስ ዳበሰች።

«ጸጉር የላትም» አለች።

እታለም በእጇ የያዘችውን ሰሐን ልትጥል ምንም አልቀራት። ልጅቷ በራሷ ፈቃድ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። እኔም በደስታ አፌ ያመጣልኝን አልኩ።

«ገና ሕፃን ስለሆነች ነው። ይበቅልላታል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ ያቺን ልጅ አደንቃታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን ከሥራ ላይ ያዋለልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ሕፃን ናት ስላልኳት ለብ ባለ ውኃ በሳፋ አጠበቻት። እንዳይበርዳት በአያቷ ነጠላ ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ አስተኛቻት። እንዳትታፈን ደግሞ አልፎ አልፎ ገለጥ ታደርግላታለች። እርጥበት፣ ሙቀት፣ አየር! እኔም አጠገቧ ተቀምጬ «ምን ያለች አሳቢ ልጅ ናት» እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። እህሉን ግን አሁንም አልነካችም።

ዝናቡ መንገድ ከልክሎኝ እዚያው ሰነበትኩ። አሻንጉሊቷ መወፈር ጀመረች። መጀመሪያ ቀሚሷ ጠበባት፤ ከዚያ አንገቷ ጠፋ። ሶልያና «ወፈረች» ትለናለች፤ እኛም ልጅ ተናገረች ብለን ደስ ይለናል እንጂ አንመረምርም። ቀጥሎ ቤቱ መሽተት ጀመረ። እታለም አይጥ ሞቷል ብላ ደመደመች። አልጋ ተነሣ፣ ቁምሣጥን ተገፋ። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ አልጋ ሥር በአፍንጫዬ ስፈልግ ወገቤ ተያዘና እታለምና አንዲት ጎረቤቷ ጎትተው አወጡኝ። አይጥ የለም።

አንድ ጠዋት ከምድጃው በኩል ጩኸት ሰማን። ጩኸት ብቻ አይደለም፣ ሳቅ ነው!

«አባባ! አበቀለች! ጸጉር አበቀለች!»

ሮጠን ገባን። የአሻንጉሊቷ አንገት ስፌት ተተርትሮ፣ አናቷም ተሰንጥቆ፣ ነጫጭ ቡቃያ ጫፉ አረንጓዴ እየሆነ ዙሪያዋን ቆሟል። ያቺ የተጣመመች አፏ ደግሞ እኔኑ እያየች ታሾፋለች። ሶልያና ሁለት እጇን እያጨበጨበች ትዘላለች። እኔ ቃሌን የጠበቅሁ ሰው ነኝ፤ ይበቅላል ብዬ ነበር፣ በቀለ።

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት መጣ። የእታለም ጎረቤት እማሆይ «በስመ አብ!» ብለው በር ላይ ቀሩ፤ ዘለግ ካለ ጸሎት በኋላ ጠበል ይረጭባት አሉ። ለዚያች ፍጥረት ከዚያ በላይ ውኃ አያስፈልጋትም ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል? ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ዘይነባ ገፋ አድርገው ገቡ፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ሽምብራ ነው እኮ! ምን ያስጮኻችኋል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እታለም ወገቧን ይዛ «አንተ ግን፣ የዘር ባለሙያ አልነበርክም?» አለችኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል ለጠላ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ሳቁ ሲበርድ ሽታው ቀረ። እታለም «ይቺስ በስብሳለች፤ ጨርቁም ሳያልቅ በፊት ትውጣ» ብላ እጇን ዘረጋች። ሶልያና አሻንጉሊቷን ቀምታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ሳቋ በአንድ ጊዜ ጠፋ።

«ታመመች ብላችሁ ወደ ደጀን ልትልኳት ነው?»

እማሆይ ጸሎታቸውን አቋረጡ። እታለም የዘረጋችውን እጇን መለሰች፤ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ፣ ልጅቷ ፊት ተቀመጠች።

«ማንም የትም አይልካትም» አለች። «እዚሁ ነው የምትድነው። ሆዷ ነው የታመመው፤ እናክማታለን። አንቺ እጇን ያዥላት።»

ሕክምናው በምላጭ ተጀመረ። እታለም ስፌቴን ትተረትራለች፣ በእያንዳንዱ ክር ላይ ስድቤን እሰማለሁ። ሶልያና የአሻንጉሊቷን እጅ ጨብጣ «አይዞሽ» ትላታለች። ቡቃያው በእፍኝ በእፍኝ ወጣ። «ልጆቿ ናቸው?» አለች። «አዎ፣ ልጆቿ ናቸው» አልኳት፤ አብረን ጓሮ ወጥተን ተከልናቸው። ጨርቁን እታለም አንድ በአንድ አጠበችው። ሰማያዊዋ አበባ አጥሩ ላይ ተሰጥታ ነፋስ ሲያንቀሳቅሳት ሳያት፣ ዓመት በዓል ጠዋት የእማዬ ቀሚስ ከደጅ ሲገባ የመሰለኝ ጊዜ ነበር። ዓይኔን አዞርኩ። እታለምም አዙራ ነበር።

ወይዘሮ ዘይነባ ለአሻንጉሊቷ ራስ መሸፈኛ የሚሆን ጥቁር የከፋይ ቁራጭ ይዘው ተመለሱ። እታለም ሽምብራ መጥበሻ ላይ ደፍታ መቁላት ጀመረች። ሽታው ቤቱን ሞላው። ሶልያና አሻንጉሊቷን ከነባዶ ሆዷ ታቅፋ ቀረብ አለች።

«እስኪ ቅመሽላት» አለች እታለም፣ ዓይኗን ከመጥበሻው ሳታነሣ። «ያልበሰለ ሰጥተናት ደግሞ እንዳትታመም።»

ልጅቷ አንዷን አነሣች፣ እፍ እፍ አለችባት፣ ቆረጠመቻት። አሰበች። «አልታወቀኝም» አለችና ሌላ አነሣች። ከዚያ አንድ ለአሻንጉሊቷ፣ አንድ ለራሷ ሆነ። ከዚያ አንድ ለአሻንጉሊቷ፣ ሁለት ለራሷ። እኔና እታለም እንዳንተያይ ጣሪያውን እናያለን። ሆዷ እስኪሞላ ደጋግመን መቁላት ነበረብን፤ የየትኛዋ ሆድ እንደሆነ እናንተ ገምቱ። ስሟንም ያን ቀን አወጣችላት፤ ሽምብሪት።

እናቷ ለእንቁጣጣሽ ልትወስዳት ስትደውል ሶልያና ራሷ ስልኩን ያዘች። «አሁን አልመጣም። ሽምብሪት ታማ ነበር፤ ማን ያስታምማታል?» አለች። እናቷ ሽምብሪት ማን እንደሆነች እስኪገባት ድረስ ብዙ ካርድ አለቀ።

እኔም ወደ ቢቸና ተመለስኩ። መስከረም ጠባ፣ ትምህርት ተከፈተ። አንድ ቀን ስልክ ተደወለ፤ ሶልያና ናት።

«አባባ፣ ሽምብሪት ከሳች።»

«ምነው፣ ምን ሆነች?»

«እኔ እንጃ። ቀሚሷ ሰፋት።» ከዚያ አፏ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። «ግድ የለም፣ ነገ ትወፍራለች። ከትምህርት ቤት ስመጣ ሁልጊዜ ወፍራ ነው የማገኛት።»

ስልኩን እታለም ተቀበለቻት። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ «እንደ እማዬ ሆንሽ እኮ!» አልኳት። «እማዬም እንዲህ ዞር ስንልላት አልነበር የምትሞላት?»

«እማዬ?» አለች። «እማዬ አንዴ ከሰፋቻት በኋላ መቼ ነክታት ታውቃለች? ጊዜስ ነበራት?»

«ታዲያ ማን ነበር?»

«ማታ ማታ ቆሎ ስንካፈል አንተ ሳትቀመጥ ነው የምትጨርሰው። እኔ የኔን በቀሚሴ ጫፍ እቋጥረው ነበር።»

በር ላይ ቆማ ስትጠብቅልኝ፣ ጾመኛ ነኝ እያለች ስትኮራብኝ ታየችኝ። እሷም እኮ ያኔ ልጅ ነበረች።

«ለምን በእጄ አልሰጠሽኝም?»

«ፍልሰታ ነዋ! ብሰጥህ ሁለታችንም እንገረፍ ነበር» አለችና ሳቀች። «በል ካርዱ አለቀ።» ካለቀ እኔ እደውልልሻለሁ ልላት ስል ዘጋችው።

ተነሥቼ ሣጥኑን ከፈትኩ። የእማዬን ጥቅልል፣ የተረፈውን ብጣሽ ሁሉ ሰብስቤ በዚያው በድሮው ገመድ መልሼ አሰርኩት። ወደ ሞጣ ለሚሄድ አውቶቡስ እንደማደርሰው ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ሽምብራም አብሬ እንድልክ ትንሽ ትስጠኝ ብዬ ለመንኳት።

ቁና ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ በር ላይ ቆም አለች።

«የተቆላ ነው ጥሬ?»

«የተቆላ» አልኳት። «ብዙ ይሁን። የእህቴንም ድርሻ ጨምሪበት።»